ዘምዘምና ከባድ ውሃ

«እናትህ ከፍተውታል ወይስ አልከፈቱትም? ይህን ብቻ ንገረኝ።»

«እኔ ምን አውቄ! ጠርሙሱን ሰጠኋት፣ ኸላስ፣ አለቀ። ዘምዘም ሰጥቶ ‹ጠጣሽው ወይ› እያለ የሚቆጣጠር ልጅ የት አለ?»

«ዘምዘም አይደለም አልኩህ፣ ከድር።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ከባድ ውሃ።»

ሾፌራችን ከድር የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ሳቀ። «ውሃም እንደ ሰው ከባድና ቀላል ሆነ? አንተ ገጣሚ፣ ዛሬስ ሙቀቱ መትቶሃል።»

ዶክተር ሃሺም አልሳቁም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ናቸው፤ ሱዳናዊ የማዕድን ተመራማሪ። ግንባራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከድር እሳቸውን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ሙሽኪላ አለ እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «መርዝ ነው?»

ነገሩ እንዲገባ ከመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ልነሣ። በሳዑዲዋ ኾበር ከተማ ያለው ላቦራቶሪ የገባሁ ዕለት ዶክተር ሃሺም ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ፣ ሸክላ አፈር የበዛበት ግራጫ ድንጋይ መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ደረቅ ነው እርጥብ?»

«ደረቅ» አልኩ።

«ውስጡ ውሃ አለ» አሉ። «ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበረ ነው፤ ውሃው በቅጠሎቹ መካከል ተኝቷል። ኤክስሬይ በደንብ አያየውም። ኒውትሮን ግን ያየዋል።»

የኒውትሮን ማመንጫው ያለው ባሕር ማዶ ነው። እዚያ ጨረሩን ድንጋዩ ላይ ይለቁታል፤ ጨረሩ አቶሞቹን መትቶ የሚበተንበት አቅጣጫ አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ ይናገራል። የእኛ ሥራ ናሙናውን ማዘጋጀት ነበር፦ መቁረጥ፣ መፍጨት፣ መንፋት፣ ማድረቅ፣ ማሸግ። የእኔ ማዕረግ ረዳት ቴክኒሻን ነው። ከዚያ በፊት ደማም ውስጥ እብነ በረድ ስቆርጥ ስለነበር አቧራው አልገረመኝም። የገረመኝ ውሃው ነው።

የተራ ውሃ ሃይድሮጅን ኒውትሮኑን በየአቅጣጫው ይረጨዋል፤ ውጤቱ ጭጋግ ይለብሳል። ስለዚህ የድንጋዩን ውሃ አስወጥተን በምትኩ ከባድ ውሃ እናጠጣዋለን። ይህ ሃይድሮጅኑ ከባድ ዓይነት የሆነ ውሃ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ሚዛን ላይ ግን ከተራው ውሃ በአንድ አሥረኛ ያህል ይበልጣል። ጠላቱ አየር ነው። በኾበር ወበቅ ክዳኑ ከተነሣ ከአየሩ ተራ ውሃ እየሳበ ይበላሻል። ስለዚህ የምንከፍተው ደረቅ ጋዝ በተሞላና እጃችንን በተገጠመለት ጓንት በምናስገባበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ያን ሰሞን ዶክተር ሃሺም ከዑምራ ተመልሰው ነበር። ከመካ የመጣ ሰው ከቅዱሱ ጉድጓድ የተቀዳውን ውሃ፣ ዘምዘምን፣ ለባልደረቦቹ ያካፍላል፤ ወጉ ነው። እሳቸውም ከጄሪካኑ እየቀዱ በላቦራቶሪው ንጹሕ ጠርሙሶች አከፋፈሉ። ከድርን «ድርሻህ መደርደሪያው ላይ ነው» አሉት። ከድር ሳዑዲ ያደገ የወሎ ሰው ነው፤ እናቱ ደግሞ ከታመሙ ሰንብተዋል። መደርደሪያው ላይ ስም ያልተጻፈባቸው፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጠርሙሶች አገኘ፤ አንዱ ታሽጓል፣ አንዱ አልታሸገም። ለእናቱ የታሸገውን መረጠ። ሌላውን ማን ይመርጣል?

በማግስቱ የቀረውን ጠርሙስ ወደ መስታወቱ ሣጥን አስገባሁ። ማኅተም እንደሌለው አይቻለሁ፤ ዶክተሩ እዚያው ሣጥን ውስጥ የከፈቱት መሰለኝ። ደንቡ ግን ከማፍሰስ በፊት መመዘን ነው። መዘንኩ። ከቧንቧ ውሃ እኩል ሆነ። ደግሜ መዘንኩ፤ ያው ነው። ዶክተሩን ጠራሁ። ጠርሙሱን ገና ሲያዩት «ይኼ የከድር ዘምዘም ነው» አሉ።

እንግዲህ ከድር «መርዝ ነው?» ሲል እዚህ ላይ ነበርን።

«መርዝ አይደለም» አሉት ዶክተር ሃሺም። «ጥቂት ቢጠጡት ምንም አይሆኑም። ግን ለታማሚ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ከተከፈተ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ማፊ፣ የለንም። ባሕር ማዶ የያዝነው የጨረር ተራ ያልፋል።»

ከድር ከዚህ ሁሉ የሰማው «ለታማሚ» የሚለውን ብቻ ነው። ስልክ ደወለ። የእናቱ ስልክ ዝግ ነው። ቁልፉን አንሥቶ ሮጠ፤ እኛም ዘምዘሙን ይዘን ተከተልነው።

ቱቅባ ሰፈር እናቱ ቤት ስንደርስ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። እናቱ እማማ ዘይነባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እማ፣ ጠርሙሱስ?»

«ሰላምታ የለም? እንግዳ ይዘህ?»

«ወላሂ ሰላምታው ይደርሳል! ጠጣሽው?»

«ለብቻዬ? ዘምዘም ለብቻ ይጠጣል? ጓደኛዬ ኸድጃ ከሰይሃት እስክትመጣ እየጠበቅሁ ነው። አሠሪዋ ማዳም ጁምዓ ትለቃታለች።»

ከድር ምንጣፉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደግሞ፣ ደጋግሞ። እሳቸው ጠርሙሱን ከቁም ሣጥኑ አወጡ። በነጭ ሻሽ ተጠቅልሏል። ማኅተሙ አልተነካም። ዶክተር ሃሺም ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ዶክተሩ እውነተኛውን ዘምዘም በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። እማማ ዘይነባ ሁለቱን ጠርሙሶች አስተያዩ።

«ታዲያ ያኛውን ማን ሊጠጣው ነው?»

«ድንጋይ» አልኳቸው።

«ድንጋይ! ለድንጋይ ብላችሁ ነው ከታማሚ የምትቀሙት?» ትንሽ አሰቡና ሻሹን አጣጠፉ። «ይሁን። ለድንጋዩም ሺፋ፣ ፈውስ ያድርግለት።»

ተመልሰን መዘንነው። ከበደ። እንደዚያ ቀን ያስደሰተኝ ሚዛን የለም። የደረቀውን ዱቄት አጠጣነው፤ ጠግቦ ሲያበቃ በትንሽ የብረት ቆርቆሮ አሸግነው። ዶክተር ሃሺምም ጄሪካናቸውን ከላቦራቶሪው አውጥተው ቢሮአቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲህ ዘምዘም ያደሉት በወረቀት ኩባያ ነው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትሆኑ የምነግራችሁ አጭር ነው። ሁለት ንጹሕ ፈሳሽ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ አይቀመጥም። ዓይን አይለያቸውም። ሳትመዝኑ አታፍስሱ።

የናሙናው ሣጥን ሲዘጋ ወደ ደማም ኤርፖርት የሚወስደው ከድር ነበር። ዶክተሩ «ሌላ ሰው ልላክ?» አሉት። «ላ፣ ዶክቶር፣ እኔው እወስደዋለሁ» አለ። ሣጥኑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።