ልጇን ያቀፈችው የሌሊት ወፍ

ባለፈው ሳምንት ሰንሪጅ ገበያ ገብቼ፣ ከመጠን በላይ የበሰለ ዘይቱን ሸተተኝ። ጋሪዬን ይዤ ቆምኩ። ያ ሽታ ለእኔ የሌሊት ወፍ ሽታ ነው። ቆይ ልንገርሽ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፤ የምንኖረው እዚሁ ከተማ፣ ራንድል ሰፈር ነበር። ነዳጁ የደራበት ጊዜ ስለነበር ዳውንታውን በክሬን ተሞልቶ ነበር። አባቴ በሰሜን፣ ነዳጅ ከሚወጣበት ካምፕ፣ ዶዘር ይነዳ ነበር፤ ሥራው ደን መመንጠር ነው። ቤት ሲመጣ ጃኬቱ ናፍጣና የጥድ ሙጫ ይሸታል።

አለቃውን ለምኖ ኦይል ካምፓኒ ውስጥ የሰመር ሥራ አገኘልኝ። በዚያው ሳምንት የባዮሎጂ አስተማሪዬ አንድ የፓስፊክ ደሴት አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። የምንፈልጋት አፍንጫዋ እንደ ሁለት አጫጭር ቱቦ የወጣ፣ ክንፏ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት፣ ፍሬ የምትበላ የሌሊት ወፍ ነበረች። ስለ እሷ የሚታወቀው ጥቂት ነው።

ቤት ስናገር እናቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም።

«ሰው ሁሉ ኦይል ልግባ ሲል አንቺ የሌሊት ወፍ? ከወፍም ከአይጥም ያልሆነች ነገር!»

«አባዬ፣ ላይክ፣ ማንም በደንብ አጥንቷት አያውቅም እኮ።»

«ስለማትጠቅም ነዋ!»

እስከምሄድበት ቀን አኮረፈኝ። ኤርፖርት ግን ያደረሰኝ ራሱ ነው። ፓርክ አድርጎ ሻንጣዬን አወረደና የካምፕ የዝናብ ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። «እዚያ ዝናብ ነው አሉ» ብሎ ሄደ።

ደሴቱ ላይ ለሳምንታት ለእሷ የዘረጋነው መረብ ባዶውን አደረ። ባዶ እጄን መመለስ ፈራሁ። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ መረቡ ውስጥ የሆነ ነገር ተንፈራገጠ። ጫካው ሁሉ የበሰለ ዘይቱን ይሸታል። አስተማሪዬ ቀስ ብላ አወጣቻትና ጓንት ባጠለቀው እጄ ላይ አስቀመጠቻት። ሆዷ ላይ ልጇ ተጣብቋል፤ በክንፏ ሸፍናዋለች። ልቧ ሲመታ በጓንቱ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ፎቶ አነሳናት፣ ለካናት፣ ለቀቅናት።

ከመንደሩ ወደ ቤት ኮል ሳደርግ አባቴ አነሳው። ሰላምታም አላስቀደመ።

«አገኛችኋት?»

«አገኘናት። ልጇን አቅፋ።»

«እሱን ተሸክማ ነው የምትበረው?»

«አዎ።»

«አይ እናት!» አለ።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ እሁድ፣ ቸርች አዳራሽ ውስጥ ፎቶዋን ለሽማግሌዎቹ ሲያሳይ አየሁት። «ይቺን ያገኘቻት የእኔ ልጅ ናት» ይላቸዋል። አንደኛው፣ «ምን ትጠቅማለች ጋሼ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ተቆጣ። «ለልጇ ትጠቅማለቻ!»

አሁን ጡረታ ወጥቶ ታራዴል ሰፈር ከእኔ ጋር ይኖራል። ዘንድሮ አስተማሪዬ ደወለችልኝ። መረባችንን የዘረጋንበት ደን ለጣውላ ተመንጥሯል፤ ሰዎች ተመልሰው ቢፈልጉ አንዲትም አላገኙም። አባቴን ከሐኪም ቤት ስመልሰው መኪና ውስጥ ነገርኩት።

«በዶዘር ነው?»

«በዶዘር ነው፣ አባዬ።»

ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ተመለከተ።

«እኛ ስንመነጥር ወፎቹ ድምፁን ሰምተው ቀድመው ይነሱ ነበር» አለ ቆይቶ። «እሷ ግን ቀን ቀን ትተኛለች፣ አይደል?»

«ትተኛለች።»

ቤት ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረደም። እኔም አልወረድኩም።