የሚኒስትሩ አፍ

ሳርጂማን ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ከበሮ ስለመታሁ አውቀዋለሁ። በወጣትነቱ ገበያ ሲወጣ ግን ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ወደ ጉያቸው ሰብሰብ ያደርጉ ነበር። ያስፈራቸው እሱ ሳይሆን ሚኒስትሩ ነው።

ሁለታችንም የሱምበርጃቲ መንደር ልጆች ነን። የጥላ አሻንጉሊት ጨዋታን የተማርነው ከአንድ ሽማግሌ ነው። ከመጋረጃው ኋላ የሚቀመጠው ተጫዋች አንድ ብቻ ስለሆነ ንጉሡንም፣ ጀግናውንም፣ ልዕልቲቱንም በአንድ አፍ መናገር አለበት። ሳርጂማን ደግሞ ድምፁ ቀጭን፣ በአፍንጫው የሚወጣ ነበር። ንጉሡን ሲያናግር ሰው ይስቃል። ጀግናው ሲፎክር ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

“ተወው፣” አሉት መምህራችን አንድ ቀን። “አንተ ያነገሥከው አገር በሳምንቱ ያምፃል። እስቲ ፓቲሁን አንሳው።”

ፓቲህ የምንለው የንጉሡን ሚኒስትር ነው፤ ጎበጥ ያለ፣ ዓይነ ጠባብ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን የወረደ፣ መርዙን በማር ለውሶ የሚያጠጣ አማካሪ። ሳርጂማን አሻንጉሊቱን አንስቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። እኔ ከበሮ መምታቴን ረሳሁ። መምህራችን ሻያቸውን ጨረሱና፣ “በል፣ እንጀራህ ተገኘ” አሉት።

ከዚያ ወዲህ ንጉሡን ባጭር ባጭሩ እያናገረ ሚኒስትሩን ይለቀው ጀመር። ከሩቅ መንደር ሳይቀር ሰው ሊሰማው መጣ። ሊጠላውም መጣ።

በዚህ መሀል ፓርያቲን ወደደ። እናቷ ቡ ካሲየም፣ ‘ቡ’ የትልልቅ ሴቶች የአክብሮት መጠሪያችን ነው፣ ባል የሞተባቸው፣ በላይኛው ሰፈር ትልቁን የቶፉ፣ ማለት የአኩሪ አተር አይብ፣ መሥሪያ ቤት የያዙ፣ አኩሪ አተር በሚያጥቡበት ውሃ ሰውንም የሚያጥቡ ምላሰኛ ሴትዮ ናቸው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሆዳቸውን ልይ ብሎ፣ እኔን አስከትሎ ሄደ።

“ባለፈው ሁለት ወንድማማቾችን አባልተህ ቤተ መንግሥት ያቃጠልከው አንተ አይደለህ?” አሉት ገና ሳይቀመጥ።

“እሱ ሚኒስትሩ ነው፣ ቡ።”

“አፉ የማን ነው?”

ሳርጂማን ወደ እኔ አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

“አፉ የኔ ነው” አለ።

“እንግዲያው ልጄን ለዚያ አፍ አልሰጥም። ሻዩን ጠጡና ሂዱ።”

ፓርያቲ ባልዲ ይዛ በጓሮ በኩል ቀደመችን። “ምነው ዝም አልካት?” አለችው።

“ስከራከር ያ ድምፅ ያመልጠኛል።”

“ታዲያ እኔ የወደድኩት የትኛውን ድምፅ መሰለህ?” ብላው ሄደች። ሳርጂማን ቤቱ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተ።

የዚያ ዓመት በጋ ረዘመ። የመንደራችን መስኖ ከላይኛው ሰፈር ተነስቶ ወደ ታችኛው የሚወርድ ነው። ላይኞቹ ለቶፉውም ለማሳውም ብለው ቦዩን ዘጉት። ታችኞቹ የሩዝ ችግኛቸው ሲደርቅ ዶማ መሳል ጀመሩ። የላይኞቹ ምላስ ቡ ካሲየም ነበሩ። “ውሃ ድሮም ከላይ ነው የሚወርደው። ታች ያለ የተረፈውን ይጠጣ” ይሉ ነበር፤ ገበያው ሁሉ ሰምቷል።

መንደሩን ከክፉ ነገር የምናጸዳበት ዓመታዊ በዓል ሲደርስ ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ግራና ቀኝ ተለያይተው ተቀመጡ። የበዓሉ ጨዋታ እንደ ወጉ የሚታየው በቀን ነው፤ ጥላው ባይታይም ሰው አሻንጉሊቶቹን ራሳቸውን ያያል። ሳርጂማን ማለዳ፣ “ዛሬ የማላውቀውን ነገር ልጫወት ነው፣ ተከተለኝ” ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው ከታቹ ባለ ሌላ ንጉሥ ላይ ወንዝ ስለዘጋ ንጉሥ ሆነ። ሚኒስትሩ ጎበጥ ጎበጥ እያለ ቀረበ።

“ጌታዬ፣ ምን አስጨነቀዎት? ውሃ ድሮም ከላይ ነው የሚወርደው። ታች ያለ የተረፈውን ይጠጣ።”

ታችኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ሚኒስትሩ ግን ቀስ ብሎ ወደ ታችኛው ንጉሥ ተሻገረ።

“የኔ ጌታ፣ ሄደው እንዳይለምኑ። ለምነው ቢሰጡዎትስ? ምን ይባላል? ይልቅ ዶማዎን ይሳሉ።”

የታችኞቹም ሳቅ ቆመ። ከዚያ ሚኒስትሩ ብቻውን ቀረና ወደ ተመልካቹ ዞረ። “እባካችሁ እንዳትታረቁ” አለ፣ በዚያ በሚያባብል ድምፅ። “የታረቀ አገር አማካሪ አይቀጥርም። እኔ ምን ልበላ ነው?”

ቡ ካሲየም ተነስተው፣ ነጠላ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ።

“ሚስት አጣሁ” አለኝ ሳርጂማን ዕቃ ስንሰበስብ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ቁጭ ብለን የቀረ ሩዝ ስንበላ ቡ ካሲየም በሩ ላይ ቆሙ።

“ንግግሬን ማን ነገረህ?”

“ያልሰማ ሰው የለም፣ ቡ።”

“እኔ አልሰማሁትም ነበር። ትናንት ከዚያ ጎባጣ አፍ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ያስጠላል።”

ሳርጂማን አንገቱን ደፋ።

“ከታቾቹ ጋር ተነጋግረናል። ጠዋት ለኛ፣ ከቀትር በኋላ ለነሱ። ዛሬ ይከፈታል” አሉና ሊሄዱ ዞሩ። ከዚያ ሳያዩት፣ “ሽማግሌህን ላክ። ቤቴ ውስጥ ግን በዚያ ድምፅ እንዳታናግረኝ” አሉ።

ከመከር በኋላ ተጋቡ። የቦዩ ስምምነት ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል፤ ሰው ነውና። ቡ ካሲየም ግን ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አላመለጣቸውም። በየጨዋታው ማግስት ቶፉ እየቆረጡ፣ “ሚኒስትሩ ትናንት ለስላሳ ሆነብኝ፤ አሞሃል?” ይሉት ነበር።

አሁን ሳርጂማን የፊት ጥርሶቹን ካጣ ወዲህ መጋረጃው ኋላ የምትቀመጠው ትልቋ ልጁ ናት። ንጉሥዋ ግርማ አለው፤ ጀግናዋ ሲፎክር ሕፃናት ይደበቃሉ። ሚኒስትሩ ላይ ስትደርስ ግን አባቷ ጎኔ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። “ደግ ልጅ ናት” ይለኛል፣ “ብዙ ይቀራታል።”