ከጨው ሜዳው ማዶ ያለው አገር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። "የልጅነት ነገር ነው" ብለው እንዳያቀሉልኝ ፈራሁ። እኔ ደግሞ እንዲቀልልኝ አልፈልግም።

ሰብለና እኔ ያደግነው ሳንሱሲ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ነው። እናቷ እትዬ ብርቄ ለሥራ ቤይሩት ሄደው ስለነበር የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነበር። በአንድ የሂሳብ ደብተር ላይ የራሳችንን ዓለም እንሥል ነበር። ሕጋችን አንድ ነው፤ ተራራውን የሣለች የአገሩን ስም ታወጣለች።

ከጨው ሜዳው ማዶ ሰው የማይኖርበት አገር ነበረን። እዚያ ዝናብ የሚዘንበው ከመሬት ወደ ሰማይ ስለሆነ ጎጆ አይቆምበትም። ሰባቱን ተራሮች የሣልኳቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ለአገሩ ስም ማውጣቱም የእኔ ነበር። ሰብለ ግን ለመነችኝ።

"እማዬ በስልክ 'እኔ ስም አወጣለታለሁ' ብላኛለች። ስትመጣ በእጇ ትጽፈዋለች። እስከዚያ ባዶውን ተዪልኝ፣ በናትሽ።"

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ግን በቅናት አረርኩ። የእኔ እናት እዚያው ጓዳ ነበረች፤ የእሷ ባሕር ማዶ። ታዲያ ምኗ ነው ያስቀናኝ? ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅኩ። አንድ ቀን ሰብለ ቧንቧ ጋ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ በሰባቱ ተራሮች ላይ ጻፍኩ፦ አትመጣም።

እኔ ጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ሰብለ ስታየው አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ደብተሩን ዘግታ ሰጠችኝና "በቃ፣ ያንቺ ይሁን" አለች። ከዚያ ወዲያ አብረን አልሣልንም። እናቷ ሲደውሉም አላነጋግርም ማለት ጀመረች፤ አክስቷ ስትለምናት በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር።

እትዬ ብርቄ ግን መጡ። ሰብለ አግብታ ጅማ ከሄደች በኋላ መጡ። ባለፈው ክረምት ጦር ኃይሎች ጋ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኙኝ፤ አገላብጠው ሳሙኝ።

"ያ ደብተራችሁ የት ደረሰ ልጄ? ስም እኮ አስቤለት ነበር።"

"ጠፋ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ቀዩን ቀለም በላጲስ ስፍቅ ስፍቅ ወረቀቱ ተበስቷል። ያ አገር ይናፍቀኛል፤ ሁለት ራስ አንድ ደብተር ላይ ተደፍቶ የዋለበት ጊዜ ይናፍቀኛል። ሰብለ ይቅር ትበለኝ ብዬ አልለምንም። እትዬ ብርቄ ያሰቡትን ስም ግን አንድ ጊዜ ብሰማ እወዳለሁ። አሁን የሚኖሩት ቤቴል ነው፤ እኔ ካለሁበት ከአየር ጤና አንድ ታክሲ።

እስከ ዛሬ አልሄድኩም።