የስልክ አዳማጩ ምስክርነት

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ስልክ ላይ ወሬ አይወራም ነበር። አባቴ «ደህና ናችሁ? እኛ ደህና ነን» ይልና ይዘጋዋል። የሚያዳምጠን ሰው እንዳለ ያምን ነበር። ማን እንደሚያዳምጠን ስጠይቀው «ዝም በይ» ይለኝ ነበር። ሚኒያፖሊስ መጥቼ ታሪክ ሳጠና የመረጥኩት ርዕስም ከዚያው የመጣ ነው፦ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የስለላ ሥራ የአገራችንን የውጭ ግንኙነት እንዴት እንደመራው።

ያጣሁት ማስረጃ ነበር። ከዋሽንግተን የጠየቅኳቸው ሰነዶች ስንት ጊዜ ቆይተው ሲደርሱኝ ግማሽ ገጻቸው በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። አማካሪዬ፣ ትዕግሥተኛ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ አንዱን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩና፣ «ወረቀቱ እምቢ ካለሽ ሰዎቹን ጠይቂ። ያገርሽ ሰዎች እዚሁ ከተማ ሞልተው የለም?» አሉኝ።

ጠየቅኩ። ያገሬ ሰዎች በተሰበሰቡበት አንድ የልደት ግብዣ ላይ ሥራዬን ተናገርኩ። አንድ ታክሲ ነጂ፣ «እህቴ፣ ስለ ስለላ ነው የምታጠኚው ወይስ ስለላ ነው የምትሠሪው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ስደውል ስልክ የሚያነሳልኝ ጠፋ። ከእስር ቤት ተርፈው የመጡ ሰዎች ናቸውና አልፈረድኩባቸውም።

ትምህርት ክፍሉ የመመረቂያ ጽሑፌን እንድጨርስ የመጨረሻውን የጊዜ ማራዘሚያ ከሰጠኝ በኋላ፣ በረዶው መንገዱን በደፈነበት ሰሞን፣ አንድ ሰው ስለ ጥናቴ ሰምቶ ራሱ ደወለልኝ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ብሩክሊን ፓርክ ነው የሚኖረው፤ ዌርሀውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በድሮው መንግሥት ጊዜ የኤምባሲዎችን ስልክ ያዳምጥ ነበር።

አብሬያት የምኖረው እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዋ ታደርሰኛለች። ልጆቹ ሳሎን ካርቱን ሲያዩ እኛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቴፑን ከፍተን እንቀመጣለን። ስለ አምባሳደሮች ጠብና በተሳሳተ ትርጉም ስለተበላሸ ድርድር የነገረኝን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየሁትም። አንድ ቀን ግን ሻዩን ፉት አለና፣

«ኤምባሲ ውስጥ የምትሠራ ያገራችን ልጅ ነበረች» አለኝ። «ለጓደኛዋ ‹ከነገ ወዲያ ከአገር እንወጣለን› ስትል ሰማሁ። ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ ድምጿን አልሰማሁም።»

«ምን እንደሆነች ያውቃሉ?»

«አልጠየቅኩም። መጠየቅ የኔ ሥራ አልነበረም።»

ተነስቼ መሄድ አማረኝ። የአባቴ ፍርሃት ሥጋ ለብሶ ፊቴ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ግን ከሱ ሌላ ምስክር የለኝም፤ ካሴቱን ገልብጬ ቀጠልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩን የከፈተችው ሚስቱ ነበረች። እንድገባ አልጋበዘችኝም።

«ድሮ ምን ይሠራ እንደነበረ ሰው ሰምቷል» አለችኝ። «መስጊድ ሲገባ ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ። የዜግነት ማመልከቻችን ገና አላለቀም። እባክሽ እህቴ፣ ልጆች አሉን።»

እሱ ከኋላዋ ቆሟል። ለመንኩት። እንደዚያ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ ሚስቱ እስክታፍርልኝ ድረስ ለመንኩት። «ጋሼ፣ ስምዎን አልጠራም። ሥራዎን፣ ሰፈርዎን እቀይረዋለሁ።»

«ስሜን ባትጠሪም ድምፄን ያውቁታል» አለኝ። «እኔስ ሰውን በምን ነበር የማውቀው? በድምፁ አይደለም?»

በዩኒቨርሲቲው ደንብ፣ ምስክሩ ፈቃዱን ካነሳ ቃሉን ልጠቀምበት አልችልም። ካሴቶቹን በማግሥቱ መለስኩለት። ፓርኪንግ ላይ ተቀበለኝና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው፤ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ገባ። መኪና ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። እህቴ ሞተሩን ሳታስነሳ ጠበቀችኝ። ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ለምን ነርሲንግ አትማሪም?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋሉ።»

ክፉ አስባ አይደለም። ቀበቶዬን አስሬ «እንሂድ» አልኳት። ያን ሰሞን ቀን ቀን ጭምር መተኛት ጀመርኩ፤ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ ብዬ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሳፍሬ የምመለስበት ቀን ብዙ ነበር።

በሱ ምስክርነት ላይ የጻፍኩትን ምዕራፍ አውጥቼ ጣልኩት። ጽሑፉን በታተሙ የዲፕሎማሲ ደብዳቤዎችና በጥቁር ቀለም ባልተሸፈኑት የሰነድ መስመሮች ብቻ ጨረስኩ። ጽሑፌን ፊታቸው ቀርቤ በተከላከልኩበት ቀን ከፈታኞቹ አንዷ፣ «ጥንቁቅ ሥራ ነው፤ ግን ሰው የለበትም» አሉ። አማካሪዬ አንገታቸውን ደፉ። «አዎ፣ የለበትም» አልኩ። አሳለፉኝ።

ለማስተማር ለየዩኒቨርሲቲው አመለከትኩ፤ አልተፈለግኩም። በመጨረሻም፣ ቀን ቀን ኢገን ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ፋይል እያስተካከልኩ፣ ማታ ማታ ሴንት ፖል አንድ ትንሽ ኮሌጅ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ታሪክ ማስተማር ያዝኩ። አንድ ተማሪ፣ መንግሥታት እርስ በርስ ከተሰላለሉ ማን እንደሚጎዳ ጠየቀኝ። ስለዚያች የኤምባሲ ልጅ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የሷም ታሪክ ያለ ሰውየው ፈቃድ የማይነገር መሆኑ ትዝ አለኝና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።