የማያርፍ ፔዳል

መጋረጃ ሰፊዋ ግራ እግሯን «እሜቴ» ብላ መጥራት የጀመረችው ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ነው። ሌላው ሰውነቷ ሁሉ እየተንጠራራም እያቃሰተም ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ግራ እግሯ ብቻ አልጋ ላይ ተዘርግታ አንሱኝ፣ አስቀምጡኝ፣ ትራስ ጨምሩልኝ ባይ ሆና ቀረች። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ «እሜቴ ዛሬም አልተነሱም» ትላለች። ጠያቂው ከልቡ ይስቃል። የእሷ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሴትዮዋ ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ ብቻ የምትሰናበት ዓይነት ሰው አይደለችም። ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ ካልሰቀለችው፣ እጥፋቱን በጣቷ ካላስተካከለችው፣ ከዚያ ወርዳ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ካላየችው መጋረጃው ለእሷ አላለቀም። «ሌላ ሰው የሰቀለው መጋረጃ የኔ አይደለም» ትላለች። የወደቀችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። የአንድ አዳራሽ መጋረጃ ስትሰቅል የመጨረሻዋ መንጠልጠያ ትንሽ ራቀችባት። ወርዶ መሰላሉን ጠጋ ማድረግ እያለ ተንጠራርቼ እደርስባታለሁ አለች። አልደረሰችባትም።

የጭኗ አጥንት ተሰብሮ፣ በብረት ታስሮ፣ ቀስ ብሎ ገጠመ። ሐኪሞቹ ፎቶውን እያዩ ደስ አላቸው። አጥንቱ ዳነ እንጂ እግሯ አልዳነችም። ሥጋዋ አልቆ እንደ ሸምበቆ ቀጠነች፤ ስትቆም ትከዳታለች፤ ደረጃ ስትወጣ በቀኟ ብቻ እየዘለለች ግራዋን እንደ ዕቃ ከኋላ ትጎትታታለች።

ታላቅ ወንድሟ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ሲሆን የእሷ የስፌት ክፍል በመንገዱ በኩል፣ የእሱ የብረት ሥራ ወርክሾፕ ደግሞ ከጓሮ ነው። እሷ በወደቀች ማግስት መጀመሪያ ያደረገው ነገር አበባ መግዛት አይደለም። አዳራሹ ድረስ ሄዶ መሰላሏን አስጭኖ አመጣና ወርክሾፑ ውስጥ በሰንሰለት ቆለፈባት።

«እግርሽ ሲመለስ ይመለስልሻል» አላት።

«መሰላሉ የኔ ነው እኮ ጋሼ።»

«እግሩም ያንቺ ነበር» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲህ መጋረጃ የሚሰቅልላት ቅጥር ሠራተኛ ሆነ። እሷ ከታች ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመራዋለች። «ወደ ግራ! የኔን ግራ አይደለም፣ ያንተን!» እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ትጮሃለች። ሰውዬው መንጠልጠያ ይዘላል፤ ጠርዙን ያጣምማል፤ «ከዚህ ማንም አያየውም» ይላታል። እሷ ታየዋለች። ቆሽቷ እያረረ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አንድ ቀን እንዲህ ተመልሳ የእግር ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእግሯ አልነበረም። ቀሪ ዕድሜዋን በሙሉ ከታች ሆና ወደ ላይ ስትጮህ ታያት።

በክሊኒኩ እግሯን የምታሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለስላሳ ግን የማትታለል ልጅ ነበረች። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ መዳፏን ከግራ ጫማዋ ሥር ታደርግና «ይግፉኝ» ትላለች። መጋረጃ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ፣ ፊቷ ቲማቲም እስኪመስል ትገፋለች። የልጅቷ መዳፍ ወይ ፍንክች።

«ገፋሁ?»

«አስበዋል» ትላለች ልጅቷ፤ «እሱም ጥሩ ነው።»

እዚያው ክሊኒክ ውስጥ አንድ የቆመ ብስክሌት ነበር። ከባድ መንኮራኩር ያለው፣ የትም የማይሄድ። ሲሽከረከር ግን ፔዳሉ እግርን አያሳርፍም፤ አልፈልግም ያለችውንም እግር ይዟት ይዞራል። ቀኟ ስትረግጥ እሜቴም በግዷ አብራ ትዞራለች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከመዞር አልፋ አንዴ፣ ሁለቴ እሷም ትንሽ የረገጠች መሰላት። ይኼን በተናገረች ዕለት ባለሙያዋ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። የሕክምናው ተራ ማለቁ ነበር። ከበር ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቃል።

«እቤትዎ ያስቀጥሏት» አለቻት። «ተራ ብስክሌት አይሆንም፤ ቀኝዎ ይሠራና ግራዎ ተጭና ትሄዳለች። እግር የማያሳርፍ ዓይነት ያስፈልግዎታል።»

እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጡበትን ሱቅ ደጃፍ ቆማ ዋጋውን በመስኮት አየችና ሳትገባ ተመለሰች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ጠርዝ እያጠፈች ሳለ የእግር መርገጫውን አየችው። እግሯን ብታነሳም ከታች ያለው መንኮራኩር እስኪቆም መርገጫው ከፍ ዝቅ ይላል። ከመንኮራኩሩ ጋር በዘንግ ታስሯላ! ጨርቁን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ምርኩዟን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

የወንድሟ የወጣትነት ብስክሌት ወርክሾፑ ጣሪያ ላይ ተሰቅላለች። ቀጭን ጎማ፣ የአውራ በግ ቀንድ የመሰለ መሪ፣ ብዙ ማርሽ። በእሷ ተወዳድሮ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። አንደኛ የወጣውን ሰው ጎማ፣ ጫማ፣ ጤናና የትውልድ ዘመን እስከ ዛሬ ይጠራጠራል። ብስክሌቷን ማንም አይነካትም፤ አቧራዋን እንኳ የሚጠርገው ራሱ ነው።

«ጋሼ» አለችው፤ «ያቺን አውርዳትና ማርሿን በሙሉ ነቅለህ፣ ከኋላ አንድ ድፍን ጥርስ እሰርላት። ጎማው እስከዞረ ፔዳሉም እንዲዞር። እንደኔ ስፌት መኪና።»

ወንድሟ የያዘውን ብረት አስቀመጠ። «ሞኝሽን ፈልጊ!»

«አገኘሁትኮ፤ ፊቴ ቆሟል።»

«ይቺን ብስክሌት? ማርሿን? ምን ያህል ዳገት እንደወጣችበት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሁለተኛ ወጥታለች። አሁን እዚያ ላይ ተሰቅላ ሦስተኛም አትወጣም።»

ተቆጣ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቶርኖውን አስነሳ። እሷ ግን አንድ ሳጥን ስባ ተቀመጠች፤ ማሽኑ እስኪጠፋ ጠበቀችው። ሲጠፋ ያለ ቀልድ ተናገረች። «ከታች ሆኜ መጮህ ሰልችቶኛል ጋሼ። መሰላሌን እፈልጋለሁ።»

ወንድሟ ሌላ ብረት አንሥቶ ወደ ቶርኖው ዞረ። በማግስቱ ጠዋት ግን ብስክሌቷ ከጣሪያ ወርዳ፣ ተገልብጣ በመሪዋ ቆማ አገኘቻት። ማርሾቿ ጋዜጣ ላይ በሥርዓት ተደርድረው ነበር።

የእሷ ሥራ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ላይገዛ ተስማሙ። የድሮውን የሚያንቀጫቅጭ ጥርስ በብረት መያዣው ሞርሳ ውስጥ ነክሶ፣ ጎማውን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጁ አዙሮ ፈታው። ድፍኑ ጥርስ የተገኘው ከብረታ ብረት ሰብሳቢ ግቢ፣ ዕቃ ታመላልስ ከነበረች ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሬሳ ላይ ነው። ሰንሰለቱ አጭርና ቀጥ ያለ መሆን ስላለበት የጎማውን ዘንግ ቀለበቶች ከአንድ ወገን ወደ ሌላው አዛወረ፤ የጎማውን ሽቦዎች አንዱን እያጠበቀ አንዱን እያላላ ጎማውን መሐል አመጣው። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እግር ከፔዳሉ እንዳይወጣ የሚይዙትን ማሰሪያዎች ከመጋረጃ ጥብጣብ፣ ድርብ አድርጋ ሰፋች። የኮርቻውን ቅዳድ ከአዳራሹ መጋረጃ በተረፈ ቀይ ከፋይ አለበሰችው። ወንድሟ ኮርቻውን ሲያይ «ወይ ውርደት» አለ፤ ሰው ሳያየው ግን ዳበስ አደረገው።

አንድ ችግር ቀረ። ጥርሱ በጎማው ላይ የሚታሰረው እንደ ብሎን በመጠምዘዝ ብቻ ነው። ወደ ፊት ሲረገጥ እየጠበቀ ይሄዳል፤ እግር ፍጥነት ለመቀነስ ወደ ኋላ ሲገፋው ግን ሊፈታ ይችላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጎማ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ማሰሪያ አለው፤ የእነሱ አሮጌ ጎማ የለውም። ወንድሟ ከወዳደቀ ብስክሌት አንድ የብረት ቀለበት ፈልጎ፣ ማጣበቂያ ቀብቶ፣ በመዶሻ እየመታ ከጥርሱ በላይ አጠበቀው።

«ይኼን በሬ አይፈታውም!» አለ።

በፍሬኑ ተጣሉ። እሷ ሁለቱም ይነቀሉ አለች፤ «ፍሬን ካለ እጄ ያቆመኛል፤ እሜቴ ዝም ብላ ትቀመጣለች።» እሱ የኋላውን ነቀለ፤ የፊቱን ግን አሻፈረኝ አለ። «ቀለበቱን በሬ አይፈታውም ብለሃል እኮ» ስትለው «ብያለሁ። ፍሬኑም ይቀመጣል» አለ። በመጨረሻ ፍሬኑ ተቀመጠ፤ እሷም ላትነካው በልቧ ማለች።

መጀመሪያ ጓሮ ውስጥ፣ የኋላ ጎማዋ በእንጨት ተደግፎ ከመሬት ተነሥቶ፣ ባለችበት ነዳቻት። ከዚያ ወደ መንገድ ወጣች። መጀመሪያ ሰሞን ያልቀመሰችው የለም። እግሯን ላሳርፍ ብላ ስትረሳ ፔዳሉ ከሥር እያነሳ እንደማትፈልጋት በቅሎ ያዘልላታል። መታጠፊያ ላይ አጥር አቀፈች። የሰፈሩ ሰው «በዚህ ዕድሜ?» አላት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በየጠዋቱ፣ እንጀራ ፍለጋ እንደሚወጣ ሰው፣ ቀይ ከፋዩ ላይ ወጥታ ትሄዳለች። ቀኟ ይረግጣል፤ ፍጥነት መቀነስ ሲያስፈልግም ወደ ኋላ የሚገፋው ቀኟ ነው። እሜቴ ተሸክመዋት ትወጣለች፣ ተሸክመዋት ትወርዳለች።

ወራት እንዲህ አለፉ። ተስፋ የቆረጠችባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ ግድግዳ ሥር ብስክሌቷን ጥላ፣ ግራ ጭኗን በጡጫ እየመታች «ተነሺ እንጂ አንቺ ሰነፍ!» ብላ የጮኸችበት ቀን ነበር። በማግስቱ ግን ተመልሳ ወጣች።

ከመጋዘኖቹ አጥር ጎን የምትወርድ አንዲት ቁልቁለት አለች። ረጅም አይደለችም፤ ከታች ግን የመኪና መንገድ ትቆርጣለች። ሁልጊዜ እላይ ስትደርስ ወርዳ እየገፋች ነበር የምታልፋት። ያን ጠዋት ሳትወርድ ቀረች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ዝም ብሎ እልህ መጣብኝ» ነው መልሷ።

ጎማው ፈጠነ፤ ፔዳሉም አብሮ ፈጠነ። በቀኟ ገፋች፤ አልበቃም። መኪናዎቹ ከታች ሽው እያሉ ያልፋሉ። ያኔ ግራው ፔዳል ከኋላ ወደ ላይ ሲመጣ ጭኗ ውስጥ የሆነ ነገር ጥርቅም አለና ረገጠው። ብስክሌቷ ወዲያው ዝግ አለች። በቀጣዩ ዙር እንደገና ረገጠችው፤ ይኼኛው ይበልጥ ጠንካራ ነበር። ከኋላዋ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ፔዳሉም ባዶ ሆነ። እግሮቿ ምንም ሳይይዛቸው ወደ ኋላ ተሽከረከሩ፤ ብስክሌቷ እንደ ተፈታ ውሻ ወደ መንገዱ በረረች።

የማለችውን ረሳች። የፊቱን ፍሬን ባላት ኃይል ጨበጠችው። ጎማው ጮኸ፤ የኋላው ተነሥቶ ተመልሶ መሬት መታ፤ እሷም የመኪናው መንገድ ጠርዝ ላይ በሁለት እግሯ ቆመች። አንድ ሹፌር እጁን እያወናጨፈ ሰድቧት አለፈ። በሁለት እግሯ መቆሟን ያስተዋለችው ቆይታ ነው።

ብስክሌቷን እየገፋች ወርክሾፑ ስትደርስ ወንድሟ ፊቷን አይቶ መዶሻውን ጣለ። የሆነውን ነገረችው። ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማውን አየ፤ ቀለበቱ ተፈትቶ እንደ እጅ አምባር ተንጠልጥሏል፤ ጥርሱም ላልቷል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልገድልሽ ነበር» አለ። «በእጄ ልገድልሽ ነበር። ቀኝሽ በርትቶ ገፍቶት ነው።»

«ቀኜማ ወራት ሙሉ ሲገፋው ነበር፤ ቀለበትህ ንቅንቅ አላለም።»

«ታዲያ ማን ፈታው?»

«እሜቴ።»

ቀና ብሎ አያት። አላመናትም፤ ሊያምን መፈለጉ ግን ከዓይኑ ይነበባል። ከግድግዳው ጋር ወዳለው ወንበር መራት፤ አስቀመጣት። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ፣ ዘይት የጠጣ መዳፉን ከግራ ጫማዋ ሥር አደረገ። ክሊኒኩ ድረስ ይሸኛት ስለነበር እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል።

«ግፊኝ» አለ።

መጋረጃ ሰፊዋ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ገፋች።

ወንድሟ ወደ ኋላ ተወርውሮ ብረት ፍቅፋቂው ላይ በመቀመጫው ዘጭ አለ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሱም የለየው አይመስልም። ጥቁር እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ፊቱን በሙሉ ዘይት አደረገው።

«በሬ አይፈታውም አልኩ እንጂ፣ እሜቴ አትፈታውም አላልኩም…» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ።

እሷም ታለቅሳለች፤ ግን ቀኝ እጇን ዘርግታ ነበር።

«የመሰላሌን ቁልፍ።»

«ነገ እከፍትልሻለሁ፤ ዛሬ ደንግጠሻል—»

«ዛሬ፣ ጋሼ።»

ወንድሟ ከመሬት ሳይነሣ ኪሱን ፈተሸና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረላት።