ወንድሜ ያካፈላት ቀይ መድኃኒት

በደርግ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ አምልጬ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስሻገር ከጭንቅላቴ በቀር የያዝኩት ነገር አልነበረም። እሱም ውስጥ ያለው፣ ገዳሪፍ ላይ ማንም የማይፈልገው የባክቴሪያ ትምህርት ነው። ቀድሞኝ የተሰደደው ታላቅ ወንድሜ ሰሊጥ እያጨደ ያበላኝ ነበር። "አንተ ተማሪ፣ ዛሬስ ትሎችህ እንዴት ዋሉ?" እያለ ይስቅብኛል።

ከዚያ ደም የቀላቀለ ሳል ያዘው። የስደተኞች መጠለያው ሐኪም ሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ቀይ እንክብል ከሌሎች ጋር ሰጠው፤ ለወራት ሳያቋርጥ እንዲውጥ። በማግስቱ ሽንቱ ቀላ።

"ወይ ጉድ! ደሜን እያፈሰሰችው ነው። ሁለተኛ አልውጣትም!"

ከሣር የተሠራው ራኩባችን ጥላ ሥር አስቀመጥኩትና የነዶ ማሰሪያ ገመድ አንስቼ አሳየሁት። "ተህዋሲው የሚኖርበት ትእዛዝ ውስጡ ተጽፏል። አንድ ገልባጭ ፊደል በፊደል እየቀዳ በጽሑፉ ላይ ይሄዳል፤ ግልባጩ እንደዚህ ገመድ ከኋላው እየረዘመ ይወጣል። መጨረሻው ሲደርስ ግልባጩ በራሱ ላይ ይታጠፍና ይቋጠራል፤ ገልባጩ ይገታል። ከቋጠሮው ቀጥለው ያሉት ፊደሎች አያያዛቸው ደካማ ነውና ግልባጩ ተላቆ ይወድቃል። ቋጠሮ በሌለበት ደግሞ ሌላ ፕሮቲን ግልባጩን ይዞ ገልባጩን ያሳድድና ያላቅቀዋል። የወጉ አጨራረስ ይህ ነው። ቀይዋ ግን ሁለት ሦስት ፊደል እንደተገለበጠ የግልባጩን መውጫ ትዘጋበታለች፤ ተህዋሲው ይሞታል። ሽንትህን ያቀላውም ቀለሟ ነው እንጂ ደም አይደለም።"

"ባቋርጣትስ?"

"የተረፉት እንደገና መገልበጥ ይጀምራሉ። ከመካከላቸውም ቀይዋ የማትገድላቸው፣ የሚንቋት ይወጣሉ።"

ገባው፤ ዋጠ። ሳሉ ተወው፣ ሥጋም አወጣ። ሰሊጥ ሲደርስ "እጄ ታስሮ አልቀመጥም" ብሎ መድኃኒቱን በጨርቅ ቋጥሮ ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ ቦታ ወረደ።

ሲመለስ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ሳሉም ተመልሷል። እርሻው ላይ አብረውት ከአንድ ገበታ የሚበሉት አጫጆች ያስሉ ነበር አሉ። መድኃኒቷን ለሁሉም አካፍሏት ቶሎ አልቃለች።

"አንተ ሰው፣ መድኃኒት እኮ እንጀራ አይደለም!" ብዬ ጮህኩበት።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። አንዱ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ልዋጣት?" ከዚያ ሱዳኖች "ግድ የለም" ለማለት ለሁሉ ነገር የሚሏትን "መዓሌሽ"ን ጨመረልኝ። "ደግሞ ሁላችንንም አሽሎን ነበር።"

ይህ ቃሉ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እውነቱን ነው፣ አሽሏቸው ነበር።

ሐኪሙ እንደገና አስጀመረው። ሽንቱ ቀላ፤ ሳሉ ግን ብሶ ቀጠለ። ሳንባው ውስጥ የተረፉት ተህዋሲያን ቀይዋን ንቀዋታል። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት "ይኸው ቀላ፣ እየሠራችልኝ ነው" ይለኛል። እኔም "አዎ" እለዋለሁ፤ ምን ልበለው? ትንሣኤን ሳያይ ሞተ።

አጫጆቹ ለቀብሩ ከቁረይሻ መጡ። ቃሬዛውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ሳል ሲይዛቸው እየቆሙ፣ እየተቀባበሉ። ወንድሜ አፈር እንደለበሰ የሁለቱ ልጆች አባት ተጠጋኝ።

"እግዜር ያጥናህ። እንዲያው... ያቺ ቀይዋ፣ ትንሽ አልተረፈችም?"

ከወንድሜ ትራስ ሥር የተረፈው መድኃኒት ቋጠሮ እንዳለ ነበር።

"አልቃለች" አልኩት። ክንዱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ስወስደው መንገዱን ሙሉ ያስል ነበር።