በፈላ ውኃ ያጠብኩት ባና

ለመስክ ልምምድ የሚሆነኝን ልብስ ስመርጥ ያሰብኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳይቀደድ፣ መምህራችንም አይተው "ይቺ ልጅ ተዘጋጅታ መጥታለች" እንዲሉ። ስለ ዝናብ ብዙም አላሰብኩም። ያደግኩት እብናት ነው። እዚያ ዝናብ ሲመታን ዛፍ ሥር ተጠግተን እስኪያባራ እንጠብቃለን፤ ፀሐይ ስትወጣ ልብሳችን ገላችን ላይ ይደርቃል። የደብረ ታቦር ዝናብም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የግብርና ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሰኔ ውስጥ ለሦስት ሳምንት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጉና ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ እርከን እንድንሠራና ድንች እንድንኮተኩት ተመደብን። መምህራችን ገና ከመጀመራችን ደንቡን ነገሩን። በሕመምም ሆነ በሌላ ምክንያት ሁለት ቀን መቅረት ይፈቀዳል፤ ሦስተኛ ቀን የቀረ ግን ልምምዱን በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ አሰመርኩበትም። ይደርስብኛል ብዬ ግን አልነበረም።

ከሰልባጅ ተራ ወፍራም ጅንስ ሱሪ ገዛሁ። ጨርቁን በሁለት እጄ ወጥሬ፣ ስፌቱን በጥፍሬ እየፈተሽኩ ነው የመረጥኩት። ከላዩ የሚያብረቀርቅ ናይለን ጃኬት ጨመርኩበት። አብራኝ ቤት የተከራየችው የክፍል ጓደኛዬ ስታየኝ ሳቀች። እሷ የደጋ ልጅ ናት።

"ሙሽራ ልታጅቢ ነው ወይስ ድንች ልትኮተኩቺ?"

"ውኃ አያስገባም ብሎኛል ሻጩ።"

"ላብሽንስ ያስወጣል?"

ጃኬቱን እስከ አንገቴ ዘጋሁት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ብራ ነበር። ድንጋይ እየተሸከምኩ ጃኬቱ ውስጥ በላብ ተነከርኩ። ሰባት ሰዓት ገደማ ደመናው ከጉና በኩል ወረደ፤ ዝናቡ ከበረዶ ጋር መጣ፣ ነፋሱም አብሮ። የጃኬቱን እጅጌ የቀጋ እሾህ ይዞ ሰነጠቀው። ጅንሱ ውኃውን ጠጥቶ እንደ እርጥብ ጆንያ ከበደኝ። ሌሎቹ ወደ መጠለያው ሲሮጡ እኔ እግሬን ከጭቃው ማንሳት አቅቶኝ ወደ ኋላ ቀረሁ። ቤት ስገባ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። በማግሥቱ አተኮሰኝና ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ።

የተፈቀደልኝ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ብቀር ዓመቱ ሊበላሽብኝ ነው። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ያሰላሰልኩት ይህንኑ ነበር፤ በየትኛው ልብስ ነው ሳልታመም የምጨርሰው?

አከራያችን እማማ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጎችና ከቤቱ ጀርባ የድንች ማሳ ያላቸው ሴት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ሊጠይቁኝ ሲመጡ ገመድ ላይ የተሰጣው ጅንስ አሁንም ያንጠባጥብ ነበር።

"ይኼ ነገር ሱሪ ነው ወይስ ምንጭ?" አሉኝ ከበሩ ላይ ሆነው።

"ጠንካራ ነው ብዬ ነው፣ እማማ።"

"መጠንከሩንስ ጠንክሯል። ያደከመው አንቺን ነው።"

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ አስረዱኝ። እርጥበት ቶሎ የሚለቅ ቀጭን ካኪ ሱሪ ይሻላል፤ ቁመቱ ከጉልበት ትንሽ ወረድ ይበል፣ ጭቃ እንዳይጎትት። ጉልበቱ ላይ ልብስ ሰፊው ሌላ ጨርቅ ይደርብበት። ለእግር ደግሞ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ፤ ውኃ ቢገባበትም ይወጣል። ይህን ብለው ወጡና የራሳቸውን ባና ይዘው ተመለሱ። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሸመነ ወፍራም ጥቁር ልብስ ነው፤ የደጋ ሰው ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል።

"ስኮተኩት የምለብሰው እሱን ነው። ሲዘንብ ደርቢው፣ ፀሐይ ሲወጣ ወገብሽ ላይ እሰሪው። እጅሽን ነጻ አድርጊ ብቻ።"

ካኪውንና ኮንጎውን ጓደኛዬ በዚያው ቀን ገዝታልኝ፣ በማግሥቱ ወደ ዳገቱ ተመለስኩ። ባናው የበግ ሽታ ነበረው። መጀመሪያ የለበስኩት ቀን አፍሬ ነበር፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ኀፍረቱ ጠፋ። ካፊያው ጠጉሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ሳራግፈው ይበተናል። ሳምንቱን ሳላስል ጨረስኩ።

ቅዳሜ እማማ ገበያ ወጡ። ባናው ጫፉ ጭቃ ብቻ ሆኗል። እሳቸው ሲመለሱ ንጹሕ ሆኖ ቢያገኙት ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። እኛ ቤት ጋቢ ሲታጠብ ውኃ ይፈላል፣ ሳሙና ይሟሟል፣ ከዚያ ሳፋ ውስጥ ገብተን እንረግጠዋለን። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ውኃው በጠቆረ ቁጥር ሥራዬ ያማረ መስሎኝ ይበልጥ ረገጥኩ። ስሰጣው ግን ገመዱ ላይ ቦታ ተረፈ። ቀድሞ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ይደርስ የነበረው ከጉልበቴ በላይ ቀረ። ጫፍና ጫፉን ይዤ ብጎትት ንቅንቅ አላለም።

ጓደኛዬ ከቤት ወጥታ አየችኝ። "ወይ ጉድሽ! የፈላ ውኃ ላይ ነው የጨመርሽው?"

"ጋቢ እንዲህ አይደል የሚታጠበው?"

"ጋቢማ ጥጥ ነው! ይኼ እኮ በግ ነው፣ ሴትዮ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዝም በይ፤ ሲደርቅ ይሰፋ ይሆናል" አለችኝ።

እንደማይሰፋ ሁለታችንም ገብቶናል። የሰው ልብስ አበላሽቻለሁ፤ ሰኞ የምለብሰውም የለኝም። እማማ ከተቀየሙኝ ሌላ ልብስ እንደማልጠይቃቸው አውቃለሁ። የአጥሩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ ከገመዱ ላይ ራሳቸው ከሚያዩት እኔ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ።

ዘንቢላቸውን ሳያስቀምጡ ጀመርኩ።

"እማማ፣ ባናውን አጠብኩት።"

"እሰይ! ተባረኪ።"

"በፈላ ውኃ።"

ቆም አሉ። "በፈላ?"

"በሳሙና። ረግጬ።"

ወደ ገመዱ ሄዱ። ባናውን አውርደው ወደ ፀሐይ ዘረጉት፣ በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፣ ወጥረው ሳቡት። እንባዬ መጣ። ድንገት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና የሚያለቅሱ መሰለኝ። ለካ እየሳቁ ነው።

"የቆላ ልጅ! ጠጉርን እንደ ጋቢ?" አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። "ነይ፣ እዪው። ብርሃን ያሳልፋል?"

አያሳልፍም ነበር።

"ሸማኔውም ሲጨርስ በሙቅ ውኃ ይረግጠዋል፣ እንዲጠብቅ። እሱ ግን መቼ እንደሚያቆም ያውቃል። አንቺ አላቆምሽም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።"

"ለእኔስ አልቋል። ይኼን ለብሼ ሰው መሐል ብገባ የልጅ ልጇን ልብስ ቀማች ይሉኛል።" ተነሥተው ትከሻዬ ላይ አደረጉትና ዞረው አዩኝ። "ለአንቺ ግን ለሥራ ልክሽ ነው። ጭቃም አይጎትት። ልበሺው። እንዲያው በነጻ እንዳይመስልሽ! ክረምቱን ለአዲስ ባና የሚሆን ጠጉር ትፈትዪልኛለሽ።"

"ጥጥ እችላለሁ፣ እማማ።"

"ጥጡንማ አየነው! ጠጉሩን አስተምርሻለሁ።"

እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ቀሪዎቹን ቀናት ባጠረው ባና ሠራሁ። በእርግጥ ዝናቡ ሲበረታ ትከሻው ላይ ትንሽ ያስገባ ነበር፤ የበጉን ቅባት ሳሙናው ሳይወስደው አልቀረም። ነፋሱ ግን ፈጽሞ አያልፈውም፤ ውስጤ ሞቆ ይውላል። በመጨረሻው ቀን በረዶው ዳገቱ ላይ ያዘን። ከእርከኑ ሥር ተኮራምተን ሳለ ጓደኛዬ እየገፋች ተጠጋችኝ።

"ጠጋ በይ፣ አንቺ ባለ ባና! ያን ዕለት ዝም በይ ብዬ የመከርኩሽ እኔ አይደለሁም?"

"ምክርሽን ብሰማ ይኼኔ አብረን በቀዘቀዝን" አልኳትና ባናውን ከፍቼ አካፈልኳት።

በረዶው ሲያቆም መምህራችን የረጠበ መዝገባቸውን አውጥተው ስም ጠሩ። የኔ ጋ ሲደርሱ መስመሩን በእስክሪብቷቸው ተከትለው ሄዱ፤ ሁለት ምልክት ብቻ ነበር።

"ሁለት ቀን። ከዚያ ወዲህ አልቀረሽም። በቃ፣ ጨርሰሻል" አሉኝ።

ወዲያው እንደገና ማካፋት ጀመረ። ሌሎቹ ወደ ከተማው ቁልቁል ሮጡ። እኔ አልሮጥኩም፤ ባናውን አጥብቄ፣ ኮንጎዬ ውስጥ ውኃው እየገባና እየወጣ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ።